የሐኪሙ ስጦታ ጎማ

የባሏ ታላቅ ወንድም ጋራዡ ውስጥ «ሐኪሙ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው የለም፤ ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው። መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። ሞተሩን ያስነሳና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን መሪው ላይ ለጥፎ በሽታውን ይናገራል። ሐኪም በሽተኛው ሥር አይተኛም ይላል። መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ደንበኞቹ የሚሉትን ሰምቶ አያውቅም።

እሷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። መኪናዋ መሪው ለቀቅ ሲደረግ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ተማሪዎቿ አጥር ሊገጩ ምንም አልቀራቸውም። ነገ ደግሞ መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ይቀርባል። ካላለፈ ሥራዋ ቆመ ማለት ነው።

ሌላ ጋራዥ መውሰድ አይታሰብም፤ ለባሏ ቤተሰብ ክህደት ነው። ሐኪሙ በመጣች ቁጥር ያዳምጣል፣ ባዳመጠ ቁጥር አዲስ በሽታ ያገኛል። መጀመሪያ የመሪው ዘይት ነው አለ፤ ተቀየረ። ቀጥሎ ፓምፑ ነው አለ፤ እሱም ተቀየረ። በመጨረሻ መኪናውስ ደህና ነው፣ የአስተማሪዋ እጅ ነው የሚከብደው ብሎ አረፈው። ባሏም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እሷ ግን በሽታውን ካወቀች ሰንብታለች። መሳብ የጀመረው ሐኪሙ አንድ ጎማ በስጦታ አምጥቶ የፊት ቀኙን በገዛ እጁ ካሰረላት ወዲህ ነው። ጎማው ከግራው ያንሳል። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማንበብ ግን ዓይን መግለጥ ያስፈልጋል። ለባሏ ብትነግረው የታላቅ ወንድም ስጦታ አይነወርም ብሎ አፏን አስያዛት። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ዛሬ ሐኪሙ እንደገና ጆሮውን መሪው ላይ ለጥፎ ሲያቃስት ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ክሪኩን ከኋላ አውጥታ መኪናውን አነሳችው፤ ሐኪሙም ከነጆሮው አብሮ ተነሳ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መሪው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ እያለ፣ እሷ ስጦታውን ፈታ ከግራው ጋር እኩል የሆነውን ትርፍ ጎማ አሰረች። ከዚያ ሐኪሙን አስወርዳ፣ አብሯት የመጣውን ባሏን አሳፍራ መንገድ ወጣች።

ባዶው መንገድ ላይ መሪውን ለቀቅ አደረገችው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጎማውን ስትቀይር ቆሞ ያያት ባሏ ይህንንም አየ፤ አይቶም ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ።

«እማዬ፣ ጋሼ ሠራው እኮ። የሱ ጆሮ መቼ ይስታል» አለ።

ዳር ይዛ ቆመች።

«ውረድ።»

«ምነው፣ ጎማ ተነፈሰ እንዴ?»

«ወርደህ እየው።»

ወረደ። ጎንበስ አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ጎማው አስጠጋ።

«ምንም አይሰማም» አለ ቀና ብሎ።

«ነገ ምርመራ አለብኝ» አለችው። «ጎማ የሚያዳምጥ ሰው አሳፍሬ አልሄድም።»

በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋችና እዚያው ትታው ሄደች።