ሁሉም ሣጥኖች ሰማያዊ ናቸው

አቶ ዓባይነህ የጠፉት በፖስታ ሣጥን ምክንያት ነው። ኦክላንድ ከልጃቸው ከእጅጋየሁ ጋር ሊኖሩ በመጡ በሁለተኛው ወር፣ ከአሽቢ የቅዳሜ ገበያ በተገዛች አሮጌ ብስክሌት ሰፈሩን መዞር ጀመሩ። መንገድ የሚይዙት እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው በምልክት ነበር፤ ከመድኃኒት ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። የጎዳና ስም ማንበብ አልለመዱም። ስለዚህ ወደ ቤት በሚታጠፉበት ማዕዘን ላይ የቆመውን ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን አዩና፣ “በቃ፣ ሣጥኑ ጋ ወደ ግራ” ብለው ያዙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ ጋ ወደ ግራ ታጠፉ። ቤቱ የለም። ወደ ፊት ሌላ ሣጥን አዩና እዚያም ታጠፉ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ የባሕር ሽታ መጣባቸው። እጅጋየሁ ሥራዋን ጥላ በመኪና ስትፈልጋቸው ውላ፣ ሊመሽ ሲል ጎረቤት ከተማ ኤመሪቪል፣ አንድ መጋዘን አጥር ሥር ብስክሌታቸውን እየገፉ አገኘቻቸው።

“አባባ፣ እንዲህ ከሆነ እኔ መሥራት አልችልም” አለች ቤት እንደገቡ። “ሺፍቴን ሚስ አደረግሁ። ጌታቸው ሳን ሆዜ ክፍል አዘጋጅቶልዎታል፤ ሚስቱም ቤት ነው የምትውለው። እዚያ ይሻልዎታል።”

የወንድ ልጃቸውን ቤት አንዴ ሄደው አይተውታል። ሰፊ ነው፤ ጓሮ አለው፤ ነገር ግን እዚያ ሰፈር ያለ መኪና ከበር የሚወጣ ሰው አላዩም። እዚህ ወዳጃቸው ከማለዲን አለ፤ በራሳቸው እግር ወጥቶ መግባት አለ።

“አንድ ዕድል ስጪኝ” አሉ። “ከአርባኛ እስከ አልካትራዝ ጎዳና፣ ከኮሌጅ እስከ ሳን ፓብሎ ጎዳና ያለውን የፖስታ ሣጥን ሁሉ በአንድ ዙር ጎብኝቼ እመለሳለሁ። አንቺ ከኋላዬ ትከተያለሽ። ማንንም አልጠይቅም። ከተሳሳትኩ ሻንጣዬን ራሴ አዘጋጃለሁ።”

“ሣጥን ሁሉ? ለምን ብለው?”

“ያጠፋኝ እሱ ነዋ! አንዱን ካንዱ ሳልለይ አልቀርም።”

እጅጋየሁ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “እሺ። ጁን ሲገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ኦፍ ነኝ።”

የፈረንጆቹ 1986 ግንቦት ነበር። አቶ ዓባይነህ በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆነው ነው ጡረታ የወጡት፤ ሰማዩን በዓይናቸው ስምንት ቦታ ከፍለው ስንቱ እጅ በደመና እንደተሸፈነ ሲመዘግቡ ኖረዋል። አሁን ያንን ዓይን ወደ ሣጥኖቹ አዞሩት። ከማለዲንም ባለ ቅርጫት ብስክሌቱን ይዞ ተከተላቸው። ከማለዲን የወሎ ሰው ነው፤ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ጠዋት ጠዋት ይሠራል፤ በዕድሜ እኩያቸው ነው። ወሩ ረመዳን ነበር።

“አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ” አለ ዳገቱ ላይ ቆሞ እያለከለከ። “ይኼ ሁሉ ለአንድ ቆርቆሮ?”

“ናማ፣ ይህችን እያት። ግንባሯ ላይ ዝገት አለ። ሐይቅ ይመስላል።”

“የሐይቅ ልጅ ፊት ነው የምትናገረው! ይኼ ሐይቅ አይመስልም፤ ጫማ ነው የሚመስለው።”

“እሺ፣ ጫማ ይሁን” አሉና በእርሳስ በሚነድፉት ካርታ ላይ ጫማ ሣሉ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉ የነበሩት ሣጥኖች በየቀኑ አንድ በአንድ መልክ አወጡ። የአንዷ እግር ተጣሟል። አንዷ ላይ ልጆች ልብ ጭረውባታል። አንዷ ጀርባዋን የሙዚቃ ማስታወቂያ ሞልቶታል። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ከማለዲን አንድ አረንጓዴ ሣጥን አይቶ “ይኸው ሌላ!” ብሎ ጮኸ።

“አይቆጠርም። አፍ የለውም። ፖስተኛው ብቻ በቁልፍ ከፍቶ ነው የሚጠቀምበት።”

“አፍ የሌለው ምስኪን ነው፤ ቁጠርለት!”

“አይቆጠርም አልኩህ!”

ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን ቅደም ተከተሉን ማግኘታቸው ነበር። ከተማው ከባሕሩ ወደ ተራራው ቀስ እያለ ይወጣል። ጠዋት ሰማዩ ዝቅ ባለ ደመና ተሸፍኖ ነፋሱ ይተኛል፤ ረፋድ ላይ ደመናው ሲገለጥ ከባሕሩ በኩል ይነሣል። እንግዲያውስ ጉልበት ሳይደክም፣ ነፋስ ሳይነሣ ወደ ኮሌጅ ጎዳና መውጣት፤ ከዚያ ቁልቁል እስከ ሳን ፓብሎ መንሸራተት፤ የመጨረሻውን ዳገት ደግሞ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ መመለስ! ይህ በታያቸው ጊዜ እርሳሱን ጥለው ከወንበራቸው ተነሡ። “ከማለዲን! ነፋሱ ራሱ ወደ ቤት ይመልሰኛል!”

ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው ከማለዲን ደረጃውን ሮጦ ወጣ። “ዓባይነህ፣ ጉድ ሆነሃል! ሣጥኖችህን ቀቧቸው!”

ወርደው አዩ። ቴሌግራፍ ላይ ያለችው ሣጥን እንደ አዲስ ሙሽራ ታበራለች። ጫማው የለም። በሌሎቹ ላይ የነበረው ልብም፣ ማስታወቂያውም ጠፍቷል ማለት ነው። አቶ ዓባይነህ ግንባሯን ቢነኩ ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ።

“ሚስትህን በጠቃጠቆዋ ብቻ ነበር እንዴ የምታውቃት?” አለ ከማለዲን። “ጎረቤቶቿን እይ!”

አዩ። ከሣጥኗ ጀርባ የልብስ ማጠቢያው ቤት ሙቅ አየር በግድግዳው ቀዳዳ ይተነፍሳል። እግሯ ሥር የዛፍ ሥር አስፋልቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። ይህን ማን ይቀባዋል? “ና ተነሥ!” አሉና ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። ያን ቀንም፣ በማግስቱ ዓርብ ከሰዓትም ሁለቱ እንደ ልጅ እየተሽቀዳደሙ ማዕዘኑን ሁሉ እንደ አዲስ መረመሩ። ጀርባውን ለጸጉር ቤት የሰጠው፣ ፊቱን ወደ ነጩ አጥር ያዞረው፣ ውሻ የሚጮህበት። ነገር ግን ከባቡሩ ድልድይ ወዲያ፣ በሳን ፓብሎ በኩል ያለውን ክፍል ሳይጨርሱ ማፍጠሪያው ደረሰና ከማለዲን ወደ ቤቱ ከነፈ። ብስክሌቱን ለነገው ዙር ለእጅጋየሁ ትቶላት ነበር የሄደው፤ በእግሩ ነው የሮጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ደመናው ስምንቱንም እጅ ሸፍኖት ነበር። እጅጋየሁ ባለ ቅርጫቷ ብስክሌት ላይ ወጥታ ተከተለቻቸው። ወደ ላይ ወጡ። አንድ ሣጥን ጋ ሲደርሱ አቶ ዓባይነህ የብስክሌቷን ደወል ይመታሉ፤ ሳይወርዱ ያልፋሉ። ኮሌጅ ጎዳና ላይ ልጅቷ ላብ በላብ ሆና፣ “አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!” አለች። ቁልቁል ሲወርዱ ግን እሷም መሳቅ ጀመረች፤ ሣጥን ከሩቅ ስታይ ከእሳቸው ቀድማ “ያውና!” ትል ነበር።

ከባቡሩ ድልድይ ወዲያ ካሉት ማዕዘኖች አንዱ ጋ ሲደርሱ አቶ ዓባይነህ ቆሙ። በስተቀኝ አዲስ የተቀባ ሣጥን። በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ አዲስ የተቀባ ሣጥን። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ቢጫ ቤት ፊት ለፊት ናቸው። አንደኛውን ቀድሞ በተሸረፈ ጠርዙ ነበር የሚያውቁት፤ ጠርዙ ግን ተጠግኗል። ካርታው ቀጥሎ ሳን ፓብሎ ይላል፤ ሳን ፓብሎ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን አላወቁትም። ከደመናው በታች ፀሐይም የለችም፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም።

ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩ። ገምተው ቢሄዱ ግማሽ ዕድል አላቸው፤ ከተሳካ ማንም አያውቅም። ነገር ግን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያላዩትን ደመና አንድ ቀን እንኳ አልጻፉም።

መኪናውን ወደሚያጥብ ጎልማሳ ቀረቡና በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ሳን ፓብሎ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው ስፖንጁን እንደያዘ ጠቆማቸው። “ቀላል ነው፤ እዚያ ሰማያዊው የፖስታ ሣጥን ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ።”

እጅጋየሁ የብስክሌቷ መሪ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አቶ ዓባይነህ አልሳቁም።

“በቃ” አሉ። “ጠየቅሁ። ቃሌ ቃል ነው፤ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።”

“የምን ሻንጣ?” አለች ዓይኗን እየጠረገች። “ማንንም አልጠይቅም ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ መች አልኩ? አባባ፣ ያን ቀን የተናደድኩት ስለጠፉ አይደለም። እዚህ አገር ሁሉም ይጠፋል፤ እኔ ስንቴ ጠፍቻለሁ! ግማሽ ቀን ሙሉ ኪስዎ ውስጥ ሳንቲም ይዘው፣ በስንት የስልክ ሣጥን አጠገብ አልፈው፣ በስንት ሰው አጠገብ አልፈው፣ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም። ሞተው ይሆናል ብዬ ነበር የምነዳው።”

አቶ ዓባይነህ ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። “በሽምግልናዬ ቤቴ የት ነው ብዬ ልጠይቅ?”

“አሁን ጠየቁ አይደል? ምን ሆኑ?”

“ምንም” አሉ፤ ቃሉን ሲናገሩት እሳቸውንም ገረማቸው። “ሰውየውም ደግ ነው።”

“ለጌታቸው ዛሬውኑ ኮል አደርግለታለሁ። ክፍሉን ያከራየው።” ፔዳሉን ረገጠች። “የቀሩትን እኔ ነኝ የምመራው!”

“ካርታው እኔ ዘንድ ነው እኮ!”

እሷ ግን ሄዳለች። የመጀመሪያው ነፋስ ከባሕሩ በኩል ሲመጣ ሻርፗን ወደ ኋላ አነሣው። ሰማያዊው ሣጥን ጋ ደረሰችና ወደ ቀኝ ታጠፈች።

“በግራ!” ብለው ጮኹ አቶ ዓባይነህ፣ ደወላቸውን ደጋግመው እየመቱ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብለው እየነዱ። “እጅጋየሁ! በግራ ነው ያለን!”