ቢጫዋ ስትነጣ

የእህቴ ባል ዶክተር ነው። ዶክተር ሲባል ግን ሰው አያክምም፤ ይህን ለጎረቤት ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አንዷ ጎረቤት የሚያስለውን ልጇን አዝላ ስትመጣ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ፣ «እኔ ኬሚስት ነኝ፤ ለመድኃኒት የሚሆን ሞለኪውል ነው የምገጣጥመው» አላት። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «እንግዲህ ልጄ እስኪያድግ ገጣጥመህ ትጨርስ ይሆናል» ብላ ሄደች። ልጁ ይኸው ጢም አውጥቷል።

እኔ ኬሚስትሪ አልተማርኩም። የማውቀውን ያወቅሁት እሱ ሲያወራ ዝም ብዬ በመስማት፣ የጣላቸውንም መጻሕፍት በማገላበጥ ነው። በቤቱ ሌላ የሚሰማው የለም፤ እህቴ «ካርቦን» የሚል ቃል ጆሮዋ ከገባ ድስቷ ያረረ ይመስል ወደ ማድ ቤት ትነሳለች።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ቁራጭ ሞለኪውል ይሠራል፤ ሌላ ቁራጭ ይሠራል፤ ከዚያ ሁለቱን ፓላዲየም በሚባል ጥቁር የብረት ዱቄት ያገጣጥማል። ብረቱ እንደ ደላላ ነው፤ አገናኝቶ መሄድ አለበት። ቀጥሎ ፈሳሹን አቀዝቅዞ፣ ብልቃጡን ከውስጥ በመስታወት ዘንግ እየቧጨረ ክሪስታል እስኪወርድ ይጠብቃል። አንድ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ አጠገቡ ቆሜ በልቤ ስጸልይለት ክሪስታሉ ዱብ ዱብ ቢል፣ ገብቶት ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ጸሎቱ አይደለም፤ ጭረቱ ነው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ቧጭሮ ቧጭሮ ምንም ያልወረደለትን ሳምንት ላነሳበት አልፈለግሁም።

ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ያገኛት ዱቄት ቢጫ ነበረች። ጀርም ላይ ስትነሰነስ ድራሹን ታጠፋዋለች። የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ «ቢጫዋ» ይላት ጀመር። እህቴም እሱ አምሽቶ ሲገባ፣ «ቢጫዋ ደህና ናት? ልጆች አሏት?» እያለች ትቀበለዋለች።

የተቋሙ ዳይሬክተር ደስታውን መያዝ አቃተው። ይህ ሰው ብልቃጥ ከነካ ዘመን ሆኖታል፤ ማይክሮፎን ግን ከእጁ አይለይም። ቢጫዋ ለቦርዱ ቀርባ ሕመምተኞች ላይ መሞከር እንድትጀምር ቀን ቆረጠ፤ ለእህቴ ባልም የምርምር ክፍሉን ኃላፊነት ቃል ገባለት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ «ለሰው የምትሰጥ ናትና በደንብ ትጣራ» አለ።

አጣራት። አሟሟት፣ በከሰል ውስጥ አሳለፋት፣ መልሶ አረጋት። በመጨረሻ እንደ ጥጥ ነጭ ሆና ወጣች። ጀርሞቹ ላይ ስትነሰነስ ግን ጀርሞቹ ወፈሩ እንጂ አልሞቱም። ደጋግሞ ሞከረ። ቢቸግረው ያንን ጥቁር ብረት ለብቻው ጀርም ላይ ጣለው። አንድም አልተረፈ።

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲገድል የኖረው ደላላው ነው። ቢጫነቷም የሞለኪውሏ መልክ ሳይሆን ከብረቱ የቀረባት እድፍ ነበር። ከዚያ ሁሉ ምሁር አንድም የጠረጠረ የለም። ስሟ ቢጫዋ ከሆነ ቢጫ መሆኗ ማንን ይገርማል?

ቅዳሜ ከሰዓት ዳይሬክተሩ ይህን ሰምቶ እህቴ ቤት ድረስ መጣ። ሶፋው ላይ ተመቻችቶ፣

«ወንድሜ፣ ማን አጣራ አለህ?» አለው።

«እርስዎ ነዎታ።»

«ትንሽ አልኩ እንጂ እስክትሞት አልኩህ?»

«ጌታዬ፣ ብረቱ እኮ ጀርሙን ብቻ አይደለም የሚገድለው። የኩላሊት ሕዋስ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ እሱንም አልማረው።»

«ኩላሊት ሁለት ነው» አለ ዳይሬክተሩ፤ ቀልድ መሆኑን እንድናውቅለትም ፈገግ አለ። «ስማኝ። አንተ የቢጫዋን ውጤት ታቀርባለህ። የነጯን ወሬ ቀስ ብለን በሌላ ዓመት እናነሳዋለን። እስከዚያ ኃላፊ ሆነሃል፤ ኃላፊ ደግሞ ዱቄት አያጣራም።» ወደ እኔ ዞረ። «ይምከሩት እንጂ፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት።»

«እኔ የምችለው መስማት ነው» አልኩት።

እንግዳው ሲሄድ እህቴ የሻይ ብርጭቆውን እያነሳች፣ «ኃላፊ ብትሆን እኮ ከዚህ ኪራይ ቤት እንወጣ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ዱቄቱን የሚውጡት ሰዎችስ?»

«እነሱም ከቤታቸው ይወጣሉ። በሳጥን።»

እህቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ሸሚዝህን አምጣ ልተኩስልህ። ለመባረርም ቢሆን የተጨማደደ አይለበስም።»

ቦርዱ የተሰበሰበ ዕለት ቤተሰብ ተጋብዞ ነበርና እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ ስለ ቢጫዋ አውርቶ አውርቶ ሲደክመው የእህቴን ባል ጠራው። እሱም ሁለት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቺ ቢጫዋ ያደፈች ናት፤ የሚገድለውም እድፏ ነው፣ ጀርሙንም ሰውንም። ይቺ ነጯ ንጹሕ ናት፤ ምንም አታደርግም። የእኔ ሥራ ሁለተኛዋ ናት» ብሎ ተቀመጠ። እኔ «ተመስገን» አልኩ። በልቤ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ዞረው ሲያዩኝ ነው ያወቅሁት።

ዳይሬክተሩም ያንን ወንበር በከንቱ አላገኘውም። ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ክቡራን፣ ተቋማችን የዘረጋው የጥራት ቁጥጥር ፍሬ ይኸው» አለ። ቦርዱም አጨበጨበ። ብዙ ሳይቆይ ተቋሙ ስለ ጥንቃቄው ዋንጫ ተሸለመ፤ ዋንጫውን ማን እንደተቀበለ አልነግራችሁም። ለክፍሉ ሌላ ኃላፊ ተሾመለት። የእህቴ ባል ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ የሌሎችን ዱቄት እንዲያጣራ ተደረገ። አሁን ባልደረቦቹ ኮሪደር ላይ ሲያዩት ብልቃጣቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ይደብቃሉ።

ባለፈው እሑድ እናታችን፣ ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብላ፣ «ልጄ፣ ያቺ መድኃኒትህ የት ደረሰች?» ብላ ጠየቀችው።

«ቀረች፣ እማማ።»

«ማንም አልወሰዳት?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ ከምወስዳቸው ሁሉ ትሻላለች» አለችና ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

እሱም ቆርሶ እያላመጠ፣ አንዱ ባልደረባው ሰኞ ስለሚያመጣለት አረንጓዴ ዱቄት ይነግረኝ ጀመር። እህቴ ወደ ማድ ቤት ተነሳች።