መቀስ የጠፋበት ቤት

በዚያ ልብስ ስፌት ቤት የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሰፊው፣ እናቱና ሚስቱ። ሚስቱን ሰፈሩ ሁሉ «ቆራጯ» ነው የሚላት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔ ጫር ጫር ካደረገች በኋላ መቀሷ ወደኋላ አይልም፤ ሌላው ሰው ሦስቴ ለክቶ የሚያበላሸውን እሷ እያወራች ትቆርጠዋለች። አማቷ ደግሞ «እትዬ ሜትር» ናቸው። መለኪያው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። ሲተኙም አያወልቁትም እየተባለ ይታማሉ።

ታዲያ ቆራጯ ወለደች። አባትየው ልጅቷን አቅፎ «ከሸሚዝ ቁልፍ እኮ አትበልጥም!» አለና ስሟ በዚያው «ቁልፌ» ሆኖ ቀረ። ጎረቤቱ ጎረፈ። ዓይኗ ያንተ ነው፣ አፍንጫዋ የእትዬ ነው፣ ጣቷ የማን ነው ሲባል ዋለ። የእናትየዋን ፊት ቀና ብሎ ያየ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ቢያዩትማ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልመጣ።

ቆራጯ እንቅልፍ እምቢ አላት። ልጅቷ ስትተኛ እንኳ እሷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ትቀራለች። ምግቡ አፏ ውስጥ ካርቶን ካርቶን ይላል። እንባዋ ያለምንም ምክንያት ይወርዳል፤ ጡት ስታጠባ፣ ጨርቅ ስታጥፍ፣ ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት። ደስ አላላትማ! ሁሉም ደስ ሊልሽ ይገባል የሚላት ነገር ልቧ ውስጥ ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። ልጅቷን ታያለች፤ ታምራለች። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። የሌላ ሰው ልጅ በአደራ ተቀብላ ባለቤቱ እስኪመጣ የምትጠብቅ ይመስላታል፤ ባለቤቱ ደግሞ አይመጣም።

ለአማቷ ልትነግራቸው ሞክራ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ እንጃ፣ ጥሩ ስሜት እየተሰማኝ አይደለም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ የወለደ ሁሉ እንዲህ ነው» አሉና ክር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባታቸውን ቀጠሉ። «ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ጎደለኝ ትያለሽ? ቻይው። አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የወለድሽው?»

እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው? ቆራጯ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ጓዳው ከስፌት ቤቱ የሚለየው በአንዲት መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ይንጣጣል፣ ደንበኛ ይስቃል፣ ሰው እንደ ሰው ይኖራል። ከመጋረጃው ወዲህ እሷና ልጅቷ። «አርፈሽ ተኚ፣ ሥራውን ለኛ ተይው» ብለዋታል። ምን ያለ ደግነት ነው ይሄ! ሥራዋን ወስደው፣ እንቅልፍ የማይወስደውን ሰው ተኚ ብለው፣ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር አፋጠጧት።

አንድ ቀን ጠዋት ባሏን ጓዳ ውስጥ ብቻውን አገኘችው። ካውያ ይዞ የራሱን ሸሚዝ ይተኩስ ነበር።

«ስማኝ እስቲ» አለችው። «ደህና አይደለሁም። ልጅቷን ስይዛት የሚያስፈራ ሐሳብ ይመጣብኛል። እኔ አይደለሁም የማመጣው፤ ራሱ ነው የሚመጣው። እንዳልጎዳት እፈራለሁ።»

ይህን ከአፏ ለማውጣት ስንት ቀን እንደታገለች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ባል ሆዬ ክው አለ። ካውያውን ማንሳት ረስቶ የሸሚዙ ኮሌታ ጠቆረ። ከዚያ ግንባሯን ሳማትና «ድካም ነው የኔ ቆንጆ፣ ያልፋል» አለ። ይህችኑ ብሎ ወጣ። በቃ! አልተቀመጠም፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው አላለም፣ ሐኪም ቤት እንሂድ አላለም። የተቃጠለውን ሸሚዝ እንኳ ይዞት ነው የወጣው።

በማግስቱ መቀሶቹ ጠፉ።

አንድ ሁለቱ አይደሉም፣ ሁሉም። ትልቁ የጨርቅ መቁረጫ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለው የቁልፍ ቀዳዳ መክፈቻ፣ ያቺ ትንሿ ክር መበጠሻ ሳትቀር የውሃ ሽታ ሆኑ። እትዬ ሜትር ቤቱን ሲያተራምሱ ልጃቸው «እንዲሳሉ ሰጥቻቸዋለሁ» አላቸው።

«ሁሉንም ባንዴ? ደህና ነህ?»

«ደንዝዘዋል እማዬ። ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ።»

እናም ያ የተከበረ ስፌት ቤት ክሩን በጥርስ መበጠስ ያዘ። የእትዬ ሜትር ጥርስ ለዚህ ሥራ የሚመች አይደለም፤ አንዱን ክር ለመበጠስ አምስት ጊዜ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የሚቆረጥ ጨርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። ለአስተናጋጆቹ ሰደርያ ያዘዘው የሆቴሉ ሰውዬ በየቀኑ ብቅ እያለ «ደረሰ?» ይላል። «እየደረሰ ነው!» ይባላል። ምኑ ነው የሚደርሰው? ጠረጴዛው ላይ እንኳ አልወጣ።

ቆራጯ ግን ይህን ሁሉ ልብ አላለችም። እሷ ልብ ያለችው፣ ያውም እንደ ዋዛ፣ ዳቦው በእጅ ተቆርሶ መቅረቡን ብቻ ነው። ቢላውስ ወዴት ሄደ? ብላ አሰበችና ሐሳቡን ጥላው ጋደም አለች።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ቁልፌ ጠግባ ጭኗ ላይ ተንጋላ ሳለ እናቷን አየቻትና ድዷን እስክታሳይ ሳቀች። እንቅልፍ ላይ ብልጭ እንደሚለው ያለ ፈገግታ አይደለም፤ ትከሻዋ ሁሉ የተንቀሳቀሰበት፣ የሰው ሳቅ። ቆራጯ «አንቺ!» አለች ሳታስበው። «በማን ነው የምትስቂው? በኔ ነው?» ልጅቷ ደገመችው። ቆራጯም ሳቀች። ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ ሞቅ አለና ለትንሽ ጊዜ ቆየ።

ታጠበች። ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች። ሽርጧን ለበሰች። ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አዝላ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና ስፌት ቤቱ ገባች። የሰደርያውን ጨርቅ ስታየው እጇ በላት። ዘረጋችው፣ መጨማደዱን በመዳፏ አስተካከለች፣ ጠመኔ አነሳች። መስመሩ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ወረደላት። እዚያች ጠረጴዛ ላይ፣ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ፣ ማን እንደሆነች ታውቃለች።

«መቀሴስ?» አለች።

ሰፊው የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አቆመ። እናቱ እሱን አዩት።

«ለመሳል ሄዷል» አለ ቀና ሳይል። «ደግሞ አንቺ ማን ተነሺ አለሽ? እረፊ እንጂ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲገባ ነው የሚስቀው።

«ወንድሜ፣ እነዚህን መቀሶችህን እስከ መቼ ነው የምደብቅልህ? ደንበኛው ሁሉ ዛሬ ፀጉር ነው ኮት የምትቆርጠው እያለ መሳቂያ አደረገኝ!» አለና ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

መቀሶቹ ተንኳኩተው ወጡ። ከመሃላቸው የዳቦው ቢላ አለ።

ቆራጯ ቢላውን አየችው፤ ባሏን አየችው። ነገሩ ገባት። ፀጉር አስተካካዩም የቤቱን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠና «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ውልቅ አለ።

«ከኔ ነው የደበቅኸው?» አለች።

«ስሚኝ፣ እኔ ለአንቺው ብዬ…»

«ከኔ ነው ወይ የደበቅኸው?!»

«የነገርሽኝ ነገር አስፈራኛ! ምን ላድርግ?»

ደሟ ፈላ። ለስንት ሳምንት የተኛው ነገር ሁሉ ባንዴ ነቃ።

«ምን ላድርግ? ጠይቀኝ! ቁጭ ብለህ ጠይቀኝ! እጄን ከፈራህ ልጅቷን ቀኑን ሙሉ ለምን እኔ ጋ ብቻዋን ትተዋታለህ? ካልፈራኸኝ ደግሞ ለምን ቢላ ትሰርቃለህ? ለመቀሱ መጠለያ ፈለግህለት፤ እኔን የሚሰማ አንድ ሰው ግን መፈለግ አቃተህ! ጎረቤት ድረስ ሄደህ መቀስ ማስቀመጥ ከቻልክ፣ እኔን ሐኪም ቤት መውሰድ ምን አቃተህ?»

«አንቺ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አሉ እትዬ ሜትር። በሩን ሊዘጉ ተነሱ።

«ይስማ! እርስዎም ይስሙ! ቻይው፣ ቻይው፣ ቻይው! ምኑን ነው የምችለው? ስሙን እንኳ አታውቁትም!»

ቁልፌ ጀርባዋ ላይ ሆና ጩኸቱን አቀለጠችው። ቆራጯ አውርዳ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ልጅቷ በድምፅ፣ እናትየዋ በንዴት። አንድ ነገር ግን አስተዋለች፤ ያ አስፈሪ ሐሳብ አልመጣም። የመጣው ቁጣ ነው። ቁጣው ደግሞ የራሷ ነበር።

«ጫማህን አድርግ» አለችው ባሏን። «አሁኑኑ ነው የምንሄደው። ሰደርያው ገደል ይግባ።»

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሩቅ አይደለም። እትዬ ሜትር ማንም ኑ ሳይላቸው መለኪያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከኋላ ተከተሉ። ምናልባት ምራታቸው ሰው ፊት ምን እንደምትናገር ፈርተው ይሆናል። ወረፋቸው ሲደርስ ሦስቱም የነርሷ ክፍል ገቡ።

ነርሷ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ድምጿ የማይቸኩል። መጀመሪያ ያየችው ሕፃኗን አይደለም፤ ቆራጯን ነው።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለቻት።

ቆራጯ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ሆድ ባሳት። ባሏ «እሷ ትንሽ ድካም…» ብሎ ሲጀምር «ዝም በል፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለችው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። እንቅልፉን፣ እንባውን፣ ካርቶኑን፣ የሚመጣባትን ሐሳብ።  ነርሷ አልደነገጠችም። ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። «የለም» አለች ቆራጯ፤ እውነቷን ነበር።

«ይሄ ሕመም ነው» አለች ነርሷ። «ብዙ እናቶችን ይይዛል። ይታከማል፣ ይድናልም። ሐሳቡ የሚያስፈራሽ ልጅሽን ስለማትወጂ አይደለም፤ እንዲያ ቢሆንማ መች ያስፈራሽ ነበር? ደግ አደረግሽ የመጣሽው። ዛሬውኑ ሐኪሟ ታይሻለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ብቻሽን አትሆኚም፤ እንቅልፍ እንድታገኚ ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል።» ይህን ስትል ወደ ባልየው ዞር አለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ቀጥላ «ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠመው ሰው አለ?» ስትል ጠየቀች።

«በኔ በኩል የለም» አለች ቆራጯ።

እትዬ ሜትር ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«እኔ» አሉ።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«በሱ ጊዜ» አሉ ልጃቸውን በአገጫቸው እያሳዩ። «ጠዋት ተነስቼ ፊቴን መታጠብ እንደ ተራራ ነበር የሚከብደኝ። እየሰፋሁ አለቅስ ነበር። ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ ውጭ እቀመጣለሁ። እናቴ ቻይው አለችኝ፤ ቻልኩት።»

 አንድ ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሰምታ አማቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር። ቆራጯ ግን ዓይኗ ቀላ።

«ያውቁት ነበር?» አለች። «ስሙን ባያውቁት እንኳ መልኩን ያውቁት ነበር። እኔ ጓዳ ውስጥ ስሞት፣ እርስዎ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያውቁትና ዝም አሉኝ?»

«ልጄ፣ እኔ የቻልኩትን…»

«አልቻሉትም እማዬ! ዝም ነው ያሉት። ዝም ብለው ይኸው እስከ ዛሬ ተሸክመውታል፤ ከዚያ እኔንም አሸከሙኝ።»

 እትዬ ሜትር የሚያደርጉት ሲጠፋቸው እጃቸውን ዘርግተው «ልጅቷን አምጪያት፣ ትንሽ ልያዝልሽ» አሉ። ቆራጯ አልሰጠቻቸውም። ቁልፌን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች በእግሯ ባዶውን ወንበር ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

«መጀመሪያ ይቀመጡ። እኔ ያለኝን ተናግሬያለሁ፤ አሁን እርስዎ ይናገሩ። ሁሉንም።»

ሰፊው ከተቀመጠበት ተነሳ። «እንግዲህ ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኔ ውጭ ሆኜ ልጠብቃችሁ» አለና የበሩን እጀታ ያዘ።

«ቁጭ በል!» አለችው። «ያኔ ስትጮህ የነበርከው አንተ ነህ።»

እጀታውን ለቆ ቁጭ አለ።