እጇን የማታወጣ ልጅ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጁን «ጠበቃዬ» ይላት ነበር። በሴቶች ትምህርት ቤት ሳለች አስተማሪዎቿን ሳይቀር በጥያቄ መፈናፈኛ ታሳጣ ነበር። ያ ትምህርት ቤት ተዘጋና ተማሪዎቹ ከወንዶች ጋር ተቀላቀሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የፊዚክስ ጥያቄ ልትመልስ ተነሣች። መልሷ ልክ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ ወንዶች ግን ድምጿን አስመስለው ደገሙት፤ ክፍሉ አውካካ፤ የድሮ ጓደኞቿም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አፏን ለጎመች።

አባት ነገሩ ቢከነክነው መምህሯ ዘንድ ሄደ።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አለችዎት» አለው መምህሩ ከልቡ። «መኖሯ እንኳን አይታወቅም።»

አባት ቤት ሲገባ፣ «ከተማ እንቀይራለን፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ወዳለበት እንሄዳለን» አላት።

ልጅቷ ከምታጠናው ቀና አለች። «እሺ አባዬ፣ ከዚያስ? ዩኒቨርሲቲውስ? መሥሪያ ቤቱስ? የሴቶች ብቻ እየፈለግህልኝ እስከ መቼ?»

«ታዲያ እዚሁ ተናገሪያ፣ ልጄ።»

«ሞክሬው የለ?» አለች ቀስ ብላ።

በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ ፊዚክስን ትታ ሌላ የትምህርት መስክ መረጠች። አባቷም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።