ማሸነፍ የሚፈራው ቁማርተኛ

ካዚኖ ገብቶ «አምላኬ ሆይ፣ ዛሬም ብዙ እንዳላሸንፍ እርዳኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

እብድ አይደለሁም። ሊዮ ግሮዴክ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው፤ ፊላዴልፊያ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሚስቴ ጄነቪቭ ስትሞት የተከፈለኝን የሕይወት መድን ግማሹን አትላንቲክ ሲቲ በምትባለው የካዚኖ ከተማ ላሉ የቁማር ማሽኖች አበላሁት። ልጄ ዳያን ይህን የሰማች ለት ከባልቲሞር ድረስ መጥታ፣ ክንዴን ይዛ አንድ ቢሮ ወሰደችኝ። ፎቶግራፍ አነሱኝና ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። የወረቀቱ ፍሬ ነገር «ለአምስት ዓመት ካዚኖ አታስገቡኝ፤ ገብቼ ብገኝ ያሸነፍኩትን ውረሱት፣ ክሰሱኝም» የሚል ነው። በኛ አገር ሰው በገዛ እጁ በራሱ ላይ በር ማስቆለፍ ይችላል።

ስንመለስ ዳያን መኪናዋን ጥግ አስይዛ አቆመችና ዞራ አየችኝ።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እዚያ ብትገኝ ቤቱ ይሸጣል። አንተም እኔ ሰፈር ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለህ። ተስማማን?»

ተስማማን አልኩ። ሽያጩን ራሴ እፈርማለሁ ብዬም ማልኩላት። ቤቱ ጄነቪቭ የሞተችበት ቤት ነው፤ እኔም ልሞት የምፈልገው እዚያው ነው። ከዚያ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የምሳሳለት ነገር የለኝም።

ስምንት ወር ቻልኩ። ከዚያ በኋላ፣ አመል ያወጣል ከመሃል፣ ማክሰኞ ጠዋት ኮቴን ለብሼ ሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ተገኘሁ። ጡረተኞችን ወደ ካዚኖው የሚያመላልሰው አውቶቡስ የሚነሳው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ቀርቼ አላውቅም።

ሰው ጡረተኛ ካዚኖ የሚሄደው ገንዘብ አምሮት ይመስለዋል። ይምሰለው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስምንት መቶ ሰው ደረጃዬን ረግጦ ሲገባ «ደህና አደርክ» ይለኝ ነበር። ግማሹ ከልቡ አልነበረም፤ ቢሆንም ይለኝ ነበር። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ደህና አደርክ የሚለኝ ራዲዮኑ ብቻ ሆነ። ሐኪም ቤት ስሄድ ነርሷ ከኔ ይልቅ ኮምፒዩተሯን ታያለች። ካዚኖ ግን ይሞቃል፣ መብራቱ ደማቅ ነው፣ ማንም «ሽማግሌው፣ ፈጠን በል» አይልህም። መጠጥ የምታዞረዋ ልጅ ወገብህን እንዴት አደረገህ ብላ ትጠይቃለች። ማሽኑ እንኳ ያንተን እጅ ይጠብቃል። በሰባ አራት ዓመት የሚጠብቅህ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። እየዘረፉኝ እንደሆነ አጥቼው አይደለም፤ ግን ፈገግ እያሉ ነው የሚዘርፉኝ፣ ሌላው ቦታ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚዘርፈኝ።

አውቶቡሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያደርሰንና በሩን ይቆልፋል። የሚከፈተው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ገንዘብህ በአምስት ሰዓት ቢያልቅ፣ ቢያምህ፣ ቢጸጽትህ፣ እስከ አስር ሰዓት እዚያው ነህ። ውጭው ጥር ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ስለዚህ ሰዉ ተመልሶ ማሽኑ ፊት ይቀመጣል። ይህን ያሰበው ሰው ጅል አይደለም።

ሌሎቹ የአባልነት ካርዳቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አስረው ጫፉን ማሽኑ ውስጥ ይሰኩታል፤ ከሩቅ ስታያቸው በችካል የታሰሩ ፍየሎች ይመስላሉ። እኔ ካርድ የለኝም። በር ላይ ደግሞ ሽበት ያለውን ሰው መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰው ባንድ ጊዜ ከሺህ ሁለት መቶ ዶላር በላይ ሲያሸንፍ ማሽኑ ራሱን ይቆልፍና ሠራተኛ መጥቶ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስሙንም ይመዘግባል። ስለዚህ በሳንቲም እጫወት ነበር፤ ትንሽ እየበላሁ፣ ትንሽ እየተበላሁ።

ምስጢሬን የምታውቀው ሎሬታ ብቻ ነች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሁሉ የትምህርት ቤት ልጆች ስትመግብ የኖረች ባልቴት ነች፤ ምላሷ ስለት ነው። ሁልጊዜ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«አሁንም በሳንቲም?» አለችኝ ጉዴ በፈላበት ማክሰኞ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ እየፈራህ ከምትጫወት ቤትህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?»

«ቤቴ ማን ይሰድበኛል?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለችና ወደ ማሽኗ ዞረች።

ቀኝ እጄ ቁርጥማት አለበት፤ ጥር ሲገባ ይብስበታል። ስለዚህ ቁልፉን በጣቴ ሳይሆን በጡጫዬ ጎን ነው የምጫነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ጡጫዬ ሸርተት ብሎ ከጎኑ ያለውን፣ ትልቁን ውርርድ የሚያስይዘውን ቁልፍ ተጫነው። ምስሎቹ ተሽከረከሩና አንድ በአንድ ቆሙ። ማሽኑ መዝፈን ጀመረ። ከአናቱ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ዶላር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ሊዮ» አለች ሎሬታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተነስ። እኔ ነኝ የተጫወትኩት እላለሁ።»

«ካሜራው አይቶኛል።»

«እንግዲያው ኮትህን ይዘህ ዝም ብለህ ውጣ። ገንዘቡ ገደል ይግባ። ቤትህን አስብ።»

ልክ ነበረች። ሠራተኛዋ እስክትመጣ ሁለት ደቂቃ ያህል ነበረኝ። ብሄድ ማንም ሮጦ አይከተለኝም ነበር። ተነሳሁ፣ አንድ እጄን ኮቱ ውስጥ አስገባሁ።

ያን ጊዜ ሰዎቹ መጡ። ባንድ አውቶቡስ ስንት ወር ተመላልሰን ቃል ተነጋግረን የማናውቅ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን በሁለት እጇ እያሸች «ዕድልህ ለኔም ይትረፈኝ» አለች። አንድ የማላውቀው ሰው እጄን ጨበጠኝ። ሌላዋ «ስምህ ማነው?» አለችኝ። ሊዮ አልኳት። «እንኳን ደስ ያለህ ሊዮ!» አለ ስምንት ሰው ባንድ አፍ። ከጄነቪቭ ቀብር ወዲህ ይህን ያህል እጅ ነክቶኝ አያውቅም፤ ያን ለታ ደግሞ የነኩኝ እያዘኑልኝ ነበር። ገንዘቡ ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንዲቱም ዶላር የኔ አይደለችም። ቤቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እንዲያም ሆኖ እግሬ እንቢ አለኝ። ኮቱን አወለቅሁና ተቀመጥሁ።

«ደደብ» አለች ሎሬታ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበርና ፊቷን አዞረች።

ሠራተኛዋ መጣች፤ ፈገግታዋ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ። መንጃ ፈቃድዎን ላስቸግርዎት?» ሰጠኋት። ስትመለስ ሁለት ጥበቃዎች ይዛ ነበር፤ ፈገግታው አፏ ላይ እንዳለ ነው፣ ዓይኗ ላይ ግን የለም።

መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። በግድግዳው በኩል የማሽኖቹ ዘፈን ይሰማል። ከኔ ጋር የተቀመጠው ጥበቃ ሬጂ ይባላል፤ ግዙፍ፣ ጨዋ ሰው ነው።

«ገንዘቡ እንደማይሰጥዎት ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«የክስ መጥሪያም አለው።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ መታወቂያዎን ለምን ሰጡ? ወጥተው ቢሄዱ ማን ይይዝዎት ነበር?»

ኮቴን ጭኔ ላይ አጠፍኩት።

«በአውቶቡሱ መመለስ አይችሉም፤ አውቶቡሱም የካዚኖው ነው» አለ። «የሚወስድዎት ሰው ያስፈልጋል። ማን ጋ ልደውል?»

በቃሌ የማውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ሰጠሁት።

ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ከዳያን ጋር ክርክሬን በልቤ አዘጋጀሁ፦ አንድ ጊዜ ነው እላታለሁ፣ አይደለም፣ እውነቱን ነግሬ እለምናታለሁ። ጣራውን ዘንድሮ ነው ያሳደስኩት እላታለሁ። የአረጋውያን መኖሪያውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ኮሪደር ላይ ተደርድረው በር በር የሚያዩ ሰዎች ናቸው ያሉት። ለእሷም አዘንኩ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ሥራዋን ቤቷ ሆና በኮምፒዩተር ነው የምትሠራው። እሑድ እሑድ ደውላ መድኃኒትህን ዋጥክ ወይ ትለኛለች፣ ዋጥኩ እላታለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። አስር ሰዓት ሲሞላ አውቶቡሱ ያለ እኔ ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ ሬጂ «ልጅዎ መጥታለች፤ ወረቀቱን እስክንጨርስ ውጭ ትጠብቅ ብለናታል» አለኝ። ወረቀቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስወጣ ዓይኗ ቀልቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። የቀላው ጉንጯ ነው። ምንም ሳትል ክንዴን ይዛ እስከ መኪናዋ ወሰደችኝ፣ ቀበቶዬንም ራሷ አሰረችልኝ።

«አልቆጣህም» አለች። «መንገዱን ሙሉ ስቆጣ መጣሁና አለቀብኝ። ቤቱ ግን ይሸጣል አባዬ። ቃል ቃል ነው።»

«ዳያን፣ ስሚኝማ...»

«ግን ምን እንደሚስብህ ትንሽ ገባኝ።»

«ምኑ?»

«እስኪያመጡህ ቁጭ የምልበት ስፈልግ ወንበር ያለው ማሽኖቹ ፊት ብቻ ነው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ሃያ ዶላር አስገባሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ስሜን ጠየቀችኝ። ሻርፕሽ ያምራል አለችኝ።» ሻርፗን ነካ አደረገችው። «ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው መሰለህ ሰው እንዲህ...»

አልጨረሰችውም። ከኮቷ ኪስ ማሽኑ በገንዘብ ፋንታ የተፋላትን፣ እዚያው ካዚኖ ተመልሶ ብቻ የሚመነዘር ነጭ ወረቀት አወጣች። «ሠላሳ አንድ አደረሰልኝ። አስራ አንድ ዶላር በላሁ እኮ» አለችና ፈገግ አለች።

ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠኝ ዶላር በልቼ የተመለስኩ ለት የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ያየሁት የራሴ ነው። ፍርሃት ያዘኝ። ያን ቀን ሙሉ ከፈራሁት ሁሉ የበለጠ ፈራሁ፤ ያዘጋጀሁት ልመናም ከአፌ ጠፋ።

«ያንን ወረቀት ስጪኝ» አልኩ። «ስጪኝና ቤቱን ነገውኑ እፈርማለሁ። ያለ ክርክር። መኖሪያውም እገባለሁ።»

አየችኝ። ጥበቃዎቹ እንኳ እንዲያ አላዩኝም ነበር።

«ለሠላሳ አንድ ዶላር?» ድምፅዋ ሰለለ። «ቤትህን? እስከዚህ ደርሰሃል አባዬ?»

«ልጫወትበት አይደለም! እንግዲያው አንቺው ቅደጂው። እዚሁ፣ ፊቴ ቅደጂው።»

«ገንዘብ እኮ ነው፤ ምን ብዬ እቀደዋለሁ?»

ቦርሳዋን ከፈተች፣ ወረቀቱን እኔ ከማልደርስበት ውስጠኛው ኪስ አስገባችው፣ ዚፑንም ዘጋችው።

«ሰኞ እንፈርማለን» አለች፣ መኪናውን እያስነሳች። «ይቺን ደግሞ፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ነው እንጂ... ሌላ ጊዜ እመነዝራታለሁ።»