ቡናማው አጥንት፣ ነጩ ግምት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ በርጩማም ባዶውን አይቀመጥ፣ አንድ ሰው ይረፍበት። የሻረግን ላሳያችሁ ነው። ይኸውላችሁ፣ ገንዳ ውሃ ገበያው ዳር ባጃጁ በቅጡ ሳይቆም ወርዳ፣ የባሏን ታናሽ ወንድም ቢሆነኝን ወደኋላ ትታ ትገሰግሳለች።

"ኧረ እታለም፣ ቀስ በይ! አጥንት እንደሁ እግር አውጥቶ አይሄድ!" ይላታል፣ ባለባጃጁን እየሸኘ።

"አንተ ቶሎ ና! ሰሊጡ ሜዳ ላይ ነው ያለው።"

እውነቷን ነው፤ የታጨደው ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ንፋስ ቢነሳ መሬት ነው የሚበላው። የሚያስሮጣት ግን ሰሊጡ አልነበረም።

ባሏ አንዱአምላክ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ ሲያርስ ከርሞ፣ መለዋወጫ ልግዛ ብሎ ካርቱም እንደገባ ጦርነቱ ተነሳ። "መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ" ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም እሱም ዝም አሉ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። መተማ ዮሐንስ ወርዳ ድንበር የተሻገረውን ሁሉ ስትጠይቅ፣ አንዱ "ገዳሪፍ ገበያ አይቸዋለሁ" ይላታል፣ ሌላው "እሱማ አረፈ" ይላታል። እንዲህ ሆና ሚስትም ሳትሆን፣ መበለትም ሳትሆን ቀረች።

የአንዱአምላክ እናት እማማ ውቢት ደግሞ ደክመዋል። "ልጄን ሳላለቅስለት አፈር አልግባ" ብለው ስላስቸገሩ፣ ዘመድ መክሮ ለመጭው እሁድ ልቅሶ ቆረጠ። ልብሱ ይነጠፋል፣ ፎቶው ይያዛል፣ ፍትሐት ይደረጋል። የሻረግ እምቢ አለች። መቼም በእኛ አገር በሕይወት ላለ ሰው ከተለቀሰ፣ መመለሻ መንገዱ ይዘጋበታል ይባላል። "አጥንቱን ሳላይ አላለቅስም" አለች በሰው ፊት።

ይህን ባለች በሳምንቱ ወሬ መጣ። ኮኪት በኩል ሀፊር፣ ያው የክረምት ውሃ የሚያጠራቅሙበት ኩሬ፣ አምና ሲቆፈር ማሽኑ አጥንት አውጥቶ ኖሯል፤ አሁን ገንዳ ውሃ ወስደው ሰው እንዲያየው ሙዚየም አስገብተውታል ተባለ። ከሱዳን በጫካ ሲመጡ መንገድ ላይ የቀሩ ስንት ናቸው! የማን አጥንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የሻረግ ከሱቅ አዲስ አቡጀዲ አስቀደደች፣ በፌስታል ቋጠረች፣ ተነሳች።

ሙዚየሙ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ፌስታሉን ዳበሰ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አቡጀዲ ነው።"

"እዚህ መሸጥ ክልክል ነው፣ እናቴ።"

"ልሸጥ አይደለም። ለመጠቅለያ ነው።"

"ምን ሊጠቀልሉ?"

የሻረግ ፌስታሉን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ቢሆነኝ ደርሶ፣ "ግድ የለም ወንድሜ፣ የቤት ዕቃ ነው" አለና ክንዷን ይዞ አስገባት።

ገብታ ሦስት እርምጃ ሳትሄድ ቀጥ አለች። በአጥንት ብቻ የቆመው አውሬ አንገቱ ከቆርቆሮው ጣራ ይደርሳል። ጭኑ ብቻ ከእሷ ቁመት ይበልጣል። ሥሩ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የወረዱ ሳሉጎች ተሰብስበው አንጋጠዋል።

"እናንተዬ፣ ይሄን አርዶ ቅርጫ የሚያካፍል ሽማግሌ ከየት ይመጣል?" አለ አንደኛው።

"ሽማግሌውስ ይገኛል፣ ድስቱን ማን ይሰጥሃል!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሻረግ ግን አውሬውን ትታ ማዕዘን ማዕዘኑን ታስሳለች። አስጎብኚው ሙነወር የሚባል ለስላሳ ሰው ነው፤ ሁኔታዋን አይቶ ቀረብ አለ።

"ምን ልርዳዎ እናቴ?"

"የሌላውስ የት ነው ያለ?"

"የማን?"

"የሰውየው። ከኮኪት የወጣው።"

"ከኮኪት የወጣው ይሄው ነው። ዳይኖሰር ይባላል። ሰው ምድር ላይ ሳይኖር በፊት የኖረ እንስሳ ነው።"

ቢሆነኝ ሳቁ አመለጠው። "ወይ ጉድ! እታለም፣ ለዚህማ የመተማ ሱቅ አቡጀዲ ሁሉ ቢቀደድም አይበቃው!" አለና ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። የሻረግ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። ቀሎላት ይሁን ከብዷት ራሷም አላወቀችውም።

ሙነወር ወደ ፌስታሉ አየ፤ ገባው። ውሃ አምጥቶ ሰጣትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ማን ጠፍቶብዎ ነው?"

"ባሌ። ካርቱም።"

"አይዞዎት" አላት። ሌላ ምን ይበል? እሷ ግን መቀመጡን አልቻለችውም፤ እንደገና ብድግ አለች። አውሬውን ዞረችው። መልሳ ዞረችው።

"ለምንድን ነው ዝንጉርጉር የሆነው? ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ነጭ።"

"ቡናማው አጥንቱ ነው። ነጩ እኛ በጀሶ የሠራነው ግምት ነው። ያገኘነው ጭኑን፣ ጥቂት የጀርባ አጥንትና ጥርስ ብቻ ነው።"

"ራሱስ?"

"ራሱን አላገኘነውም።"

የሻረግ አንጋጣ አየች። አብዛኛው ነጭ ነው።

"ታዲያ አንድ ቀለም ብትቀቡት አያምርላችሁም ነበር?"

"ያምር ነበር። ግን የሚያየው ሰው ግምታችንን እውነት ብሎ ይዞት ይሄዳል። ነገ እውነተኛው ራስ ከተገኘ ነጩን አውልቀን እንጥላለን።"

"እስከ መቼ ትጠብቃላችሁ?"

ሙነወር ፈገግ አለ። "እሱ እኛን የጠበቀውን ያህል ባንችልም፣ እንጠብቃለን።"

ከወጡ በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቢሆነኝ ዛፍ ጥላ ሥር አቆማት።

"ይኸው፣ አጥንት የለም። እሁድስ? እማማን ምን ልበላቸው?"

"ያየነውን ንገራቸው።"

"አንቺ ብቻ አይደለሽም እኮ የተቃጠልሽ! እኔም ወንድሜ ነው። 'አንዱአምላክ እንዴት ሆነ?' ሲሉኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ፣ ሰው ሳይ መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ።"

የሻረግ ይህን ከአፉ ሰምታ አታውቅም ነበር። ድምጿ ረገብ አለ።

"አላወቅንም በላቸው፣ ቢሆነኝ።"

"አላወቅንም መልስ ነው?"

"ያለን እሱ ነው። እናትህ ያልቅሱ፤ ናፍቆታቸውን ማን ይከለክላቸዋል? እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብየ አለቅሳለሁ። ልብሱ ግን አይነጠፍም።"

"ፍትሐቱስ? አባ ያረጋል ተነግሯቸዋል እኮ።"

የሻረግ ስልኳን አወጣች። የነፍስ አባታቸው አባ ያረጋል በሁለተኛው ጥሪ አነሱት።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። አጥንቱ እንዴት ሆነ ልጄ?"

"የእሱ አይደለም፣ አባ። እሁድ ስሙን ሲያነሱ ከሙታን ጋር እንዳያነሱብኝ ብየ ነው።"

"ከማን ጋር ላንሳው ታዲያ?"

ሰሊጥ የጫነ መኪና አቧራውን እያቦነነ አለፈ። የሻረግ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ከመንገደኞች ጋር ያንሱት" አለች።

ቢሆነኝ ፌስታሉን ከእጇ ተቀብሎ፣ ወደ ቤት የሚመልሳቸው የኮኪት መኪና ወደሚቆምበት ቀድሟት ሄደ።

እናንተም ልጆቼ፣ በየቤታችሁ በየጸሎታችሁ፣ መንገድ የወጣውን በሰላም መልስ ስትሉ፣ አደራ፣ አንዱአምላክ የሚባል አንድ የትራክተር ሹፌር አለና እሱንም አስቡልኝ።