የአሎንዞ ስምንት

ሁለት ክብ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሳይነካኩ። አሎንዞ ፔግራም ስምንት ቁጥርን የሚጽፈው እንዲህ ነው። በሪችመንድ ከተማ እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ሰው ቢኖር፣ እሱ ራሱ እጁን ይዞ ያስተማረው ዌንደል ታብ ብቻ ነው። ታዲያ ሰኞ ዕለት ያቺ ስምንት በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በተቀናቃኞቻቸው ፕላን ውስጥ ምን ትሠራለች?

ውድድሩ በጥቁሮቹ ሰፈር ለሚሠራ ጤና ጣቢያ ነው። “ፔግራም እና ታብ” ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያንና የቀብር አስፈጻሚ ቤት ሲነድፍ የኖረ የጥቁሮች የአርክቴክት ቢሮ ነው፤ ከተማው በሩን ሲከፍትለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሥራ ካጣ ይዘጋል። ውሳኔው ዓርብ ነው። ነጮቹ አርክቴክቶች ኮልድዌሎች ደግሞ ሌላው ሥራ ሁሉ አንሷቸው እዚህም መጡ። አሎንዞ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ የነሱን ፕላን ሲያይ፣ ከልኬቶቹ መሃል ስምንቷ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ደሙ ፈላ። ሌላውን ሳያይ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

“ሸጠኝ” አለ በልቡ።

ከማክሰኞ ጀምሮ የፕላን መሳቢያውን መቆለፍ ጀመረ። ዌንደል ስልክ ሲያነሳ ጆሮውን ያቆማል። ይባስ ብሎ ዌንደልም ተለውጧል፤ አሎንዞ ሲጠጋው ሥራውን በጨርቅ ይሸፍናል፣ በጎሪጥ ያየዋል። ንጹሕ ሰው ከሆነ ምን ያስደብቀዋል? ረቡዕ ዌንደል ምሳ ሊገዛ ሲወጣ፣ አሎንዞ ቦርሳውን ከፍቶ በረበረው። እርሳሶች፣ ማስመሪያ፣ ግማሽ የበቆሎ ዳቦ። ሌላ ነገር አልነበረበትም። ማፈር ሲገባው ጭራሽ ይበልጥ ሆዱ ሻከረ። ቀና ሲል ዌንደል በሩ ላይ ቆሟል።

“ምን ጠፋዎት፣ ሚስተር አሎንዞ? ቢነግሩኝ አብረን እንፈልግ ነበር።”

“ስምንቴ ነዋ የጠፋችው! ኮልድዌሎች ፕላን ላይ አገኘኋት። ስንት ከፈሉህ?”

ዌንደል ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። “እኔን? እኔም እኮ ሰኞ አይቻታለሁ። ይሄ የሽማግሌው እጅ ነው፣ ጡረታውን ሊያደላድል ሸጠን አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅኩት።”

“እኔ? ለኮልድዌል?”

“ታዲያ እኔስ?”

ጸሐፊያቸው ሚስ ኦዴሳ ከታይፕራይተሯ ኋላ ተነሳች። “ጉድ ነው እናንተ! ሁለታችሁም ስምንቷን እንጂ ፕላኑን አላያችሁትም። ኑ፣ ኮታችሁን ልበሱ።”

አዳራሹ ባዶ ነበር። ሦስቱም ፕላኑ ፊት ቆሙ። ድሮ ፕላን ይነደፍበት የነበረ ዓይነት አሮጌ ጨርቅ ነው፤ የክፍሎቹ ስም ብቻ በታተመ ወረቀት ተለጥፎበታል። ዌንደል በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

“ለአንድ ሚጢጢ ጤና ጣቢያ አራት ሽንት ቤት? ሁለት መጠበቂያ ክፍል፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ… ሁለት የውሃ መጠጫ… ይሄ ምን ጉድ ነው?”

ኦዴሳ ግራ ቀኝ አየችና የአንዱን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ላጥ አደረገችው። ከሥሩ “ለጥቁሮች” የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። በአሎንዞ እጅ።

ወጣት ሳለ፣ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለይቶ በሚታከምበት ዘመን የሠራበት የኮልድዌሎች የጓዳ ክፍል ፊቱ ላይ ድቅን አለ። በጓሮ በር ይገባ ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ “ዞር በል” ይባል ነበር። የቢሮው ደንብ ሆኖ፣ ፕላኑ ግርጌ “የነደፈው” የሚለው ሳጥን ጥቁር ሲነድፍ ባዶ ይቀር ነበር። ኮልድዌሎች ያን አሮጌ ፕላን አቧራውን አራግፈው ሲሰቅሉትም አልሞሉትም።

“ያን ግድግዳ የነደፍኩት እኔ ነኝ” አለ። “የማበላቸው ሦስት ልጆች ነበሩኝ፣ ዌንደል። ረስቼው ነበር… አይ፣ ውሸቴን ነው። እንድረሳው ፈልጌ ነው።”

ሦስቱም የገባቸው ነገር አንድ ነው፤ ጥቁርን ከነጭ ለመለየት የተነደፈ አሮጌ ፕላን መሆኑን አስረድቶ ዓርብ ማስጣል ይቻላል፣ ግን አሎንዞ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ “እጄ ነው” ማለት አለበት።

“እርሳስ ስጠኝ” አለ።

ዌንደል ቦርሳውን ከፍቶ ዘረጋለት። “ራስዎ ይፈልጉ። መንገዱን ያውቁታል።”

አሎንዞ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። እጁን ሰድዶ እርሳሱን አወጣ፣ ባዶው ሳጥን ውስጥ ስሙን ጻፈ፣ ከሥሩም ያኔ የነደፈበትን ዓመት፦ 1938። ስምንቷን እንደ ወትሮው በሁለት ክብ ጻፋት። በዚህ ጊዜ ግን ክቦቹ ተነካኩ።